የውሃ ቢሉን ያናረው የሽንት ቤቱ ፍላሽ ነበር

አጠቃቀማችን ሳይጨምር የውሃ ቢሉ በየወሩ እየናረ ሄደ። ብድር እየከፈለ ላለ ቤት ይህ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በሜትር ኩብ ስለሚወደድ፣ የሚባክነው ውሃ የሚሰላው በውዱ እርከን ነው።

ልብስ ማጠብ ቀነስን፣ የቧንቧዎቹን ጎማ ቀየርን፣ የፍላሹን ተንሳፋፊ ዝቅ አደረግን፤ ለውጥ የለም። ተንሳፋፊውን ማስተካከል የሚጠቅመው ውሃው በትርፍ ማስወጫው ቱቦ ሲፈስ ብቻ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ማታ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ሲታይ ነው። ትንሿ መዘውር እየዞረች ነበር። (ቤቱ ከሮቶ የሚጠቀም ከሆነ ይህ ያሳስታል፤ የሮቶውን መግቢያ ዘግታችሁ የውሃውን ከፍታ ማታና ጠዋት ለኩ።) ከዚያ የቀይ ስር ውሃ በፍላሹ ታንከር ጨምረን ግማሽ ሰዓት ሳንነካው ቆየን። መቀመጫው ውስጥ ቀይ ወረደ፤ የሚያፈሰው የታንከሩን መውጫ የሚዘጋው የታችኛው ጎማ ነው ማለት ነው።

የታንከሩን መግቢያ ዝጉ፣ ውሃውን ልቀቁ፣ ጎማውን አውጥታችሁ ናሙና ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ መጠኑ ይለያያል። አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ጎማው የሚያርፍበትን ጠርዝ በአቼቶ በተነከረ ጨርቅ እሹት። ነጩ የኖራ ቅርፊት ካልለቀቀ አዲሱም ጎማ ያፈሳል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

በሦስት ደቂቃ 1 ሊትር የሚያፈስ ፍላሽ በወር 14.4 ሜትር ኩብ ያባክናል። የተረፈውን ብር ወዲያው ወደ ብድሩ አዙሩት፤ ከዋናው ገንዘብ እንዲቀነስ ግን ለአበዳሪው በግልጽ ንገሩ።