«ስፓሻል ኦዲዮ» የሚለውን ነገር አንዴ አጥፍታችሁ ስሙ

ስልካችሁ ላይ «ስፓሻል ኦዲዮ» ወይም «ዶልቢ አትሞስ» የሚል፣ ድምፁን ከዙሪያችሁ የሚመጣ የሚያስመስል ነገር ሳታውቁት በርቶ ይሆናል። ካላያችሁት አሁኑኑ እዩት። ዘፈኑ ርቆ የሚሰማችሁ በሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ጆሮን ማታለል ነው። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ ጋ ሲደርስ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል፣ ጭንቅላታችን ስለሚጋርደው ደከም ይላል፣ የጆሯችን ቅርፅም የራሱን ለውጥ ይጨምርበታል። ስልኩ ይህንኑ አስልቶ በተራ ኢርፎን ሲለቅላችሁ አንጎላችሁ «ከበሮው ከኋላዬ ነው» ብሎ ያምናል። ግን ስሌቱ ብዙ ጊዜ ለአማካይ ጆሮ የተሠራ ነው፣ የሰው ጆሮ ደግሞ አይመሳሰልም። አንዱ ሲደነቅ ሌላው «ምኑ ነው?» የሚለው ለዚህ ነው።

ዘፈኑ ከመጀመሪያው ለአትሞስ ሚክስ ከተደረገ ሞክሩት፣ አንዳንዱ በጣም ያምራል። ተራ ስቴሪዮ (ለግራና ለቀኝ ብቻ የተቀዳ) የሆነውን ስልኩ በግድ ሲለጥጠው ግን አጥፉት። አንድ የድሮ የካሴት ዘፈን ከፍቼ ሳክስፎኑ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚነፋ መሰለኝ፣ ዘፋኙም ወደ ኋላ ሸሸ! አይፎንና ኤርፖድስ ካላችሁ ኮንትሮል ሴንተር ላይ የድምፅ መጨመሪያውን ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ማጥፊያው እዚያ አለ።

ስታወዳድሩ ታዲያ ቮልዩሙን እኩል አድርጉት። ጮክ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል፣ እኔም የተሸወድኩት በዚህ ነው። ለፊልም ከሆነ ግን አልነካውም፣ እንደበራ ነው የምተወው።