ስማችሁ በክፉ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት እንዴት ትይዛላችሁ?

ድሬዳዋ ውስጥ ወሬ የሚሮጠው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐዩ ሲከር ሰው ወደ ጥላ ይገባል። በርጫው ይዘረጋል፣ ስልኩ ይወጣል። ያን ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የኔም ስልክ ጮኸ። የደወለው ሳቢያን አካባቢ ዳቦ ቤት ያለው ሰው ነው። «አቦ፣ አለቅን!» አለኝ።

የአንዲት እናት ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ወጥቷል። በአንድ እጇ የተገመሰ ዳቦ ይዛለች፣ በሌላው ጥፍር የሚያህል ቀጭን ሽቦ። ልጇ ከጎኗ ቆሞ አፉን ከፍቶ የደማ ድዱን ያሳያል።

ብዙ ሰው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሥራው ጥፋትን በቃላት መሸፈን ይመስለዋል። እኔ በሥራው ላይ ስቆይ የገባኝ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ቀን የመጀመሪያው ስልክ የሚደወለው ለተጎዳው ሰው ነው። ጋዜጠኛው ቀጥሎ ይመጣል። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ ድርጅት የቱንም ያህል ያማረ መግለጫ ቢያወጣ ሰው አያምነውም። ስለዚህ ዳቦ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም የመንግሥት ቢሮ ብትሆኑ የምትሄዱበት መንገድ ይህን ይመስላል።

መጀመሪያ፣ የንዴቱን መልስ አትላኩ

ባለቤቱ ሲደውልልኝ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፈውን ጽፎ ጨርሶ ነበር። «ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ስም ማጥፋት ነው፤ በሕግ እንጠይቃለን» ይላል። ገና ምንም አላጣራም። ያን ቢለጥፈው ኖሮ ከሽቦው ይልቅ እሱ ዜና ይሆን ነበር። አንዲትን እናት የሚያስፈራራ ነጋዴ ማን ይወዳል?

ኮሜንትም አታጥፉ። ከማጥፋታችሁ በፊት ሰው ስክሪንሾት አንስቶታል። ያጠፋችሁት ነገር ደግሞ «ይኸው ይደብቃሉ» ተብሎ ይመለሳል። ይልቅ የተባለውን ሁሉ ከነሰዓቱ ራሳችሁ አስቀምጡ፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ነገር ግን ዝም አትበሉ። በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኛ የለጠፍነው ይህን ነው፦ «ቪዲዮውን አይተነዋል። ልጁ በመጎዳቱ አዝነናል። አሁን እያጣራን ነው፤ ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የደረስንበትን እንነግራችኋለን።» ሰዓት ከሰጣችሁ ግን ጠብቁት። ባታጣሩ እንኳ 11 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ «ገና ነን» በሉ።

ነገርን ከሥሩ

አንድ ወረቀት ለሦስት ክፈሉ። በአንዱ የምታውቁትን ጻፉ፣ በሁለተኛው የማታውቁትን፣ በሦስተኛው ያልታወቀውን ማን እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያጣራ። ስሜትና ግምት እዚህ ወረቀት ላይ አይገባም።

ዳቦ ቤቱ ስደርስ ባለቤቱ ሠራተኞቹን አሰልፎ ይጮህባቸዋል። የፈራ ሰው እውነቱን አይናገርም። እሱን ወደ ውጭ አስወጣሁትና ሌሊት ዱቄት የሚነፋውን ልጅ ለብቻው አነጋገርኩት። ልጁ ወንፊቱን አንስቶ ወደ መብራቱ አዞረልኝ። ከጠርዙ አጠገብ ጥቂት ክሮች ተበጥሰዋል። የአንዱ ጫፍ የለም። «ከትናንት ወዲያ አይቼው ነበር፤ እስከ ቅዳሜ ይቆያል ብዬ ነው» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ስም ማጥፋት የሚወራ ነገር አልቀረም።

ጉዳቱን አቁሙ

እዚህ ላይ በመላው ዓለም የሕዝብ ግንኙነት ተማሪ የሚማረው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ቺካጎ አካባቢ ታይለኖል የተባለውን የራስ ምታት መድኃኒት የወሰዱ 7 ሰዎች ሞቱ። እንክብሎቹ ውስጥ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ተጨምሮ ነበር። ባለቤቱ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ሰው መድኃኒቱን እንዳይጠቀም አስጠነቀቀ። ቀጥሎም ወደ 31 ሚሊዮን ጠርሙስ ከመላው አገሪቱ ሰበሰበ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ነበር። መርዙን የጨመረው ከውጭ ያለ ሰው ነው ተብሎ ይታመናል፣ ኩባንያው አላጠፋም። ቢሆንም መጀመሪያ የሰውን ነፍስ አየ። መድኃኒቱ አንዴ ከተከፈተ በሚያስታውቅ አዲስ ማሸጊያ ወደ ገበያ ሲመለስ ሰውም ተመለሰለት።

የኛ ዳቦ ቤት 31 ሚሊዮን ጠርሙስ የለውም። ሁለት ባጃጅ ተከራይተን በዚያ ሌሊት ዱቄት የተጋገረውን ዳቦ ከየሱቁ ሰበሰብን። ገንዘቡን ለባለሱቆቹ መለስን። የተቦካውም ሊጥ ተደፋ። ባለቤቱ ሊጡ ሲደፋ ፊቱን አዞረ፤ ያሳዝን ነበር። ያ ኪሳራ ግን ከመግለጫው ይበልጥ ተናገረለት።

ወደተጎዳው ሰው ሂዱ

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለገሀሬ ሰፈር የልጁ እናት ቤት ነበርን። ካሜራ የለም፣ ፎቶ የለም። ካሜራ ይዛችሁ ይቅርታ ከጠየቃችሁ ያ ማስታወቂያ ነው። በሩ ላይ ቆመን «እህቴ፣ ዳቦው የኛ ነው፤ ጥፋቱም የኛ ነው» አለ ባለቤቱ። ዝም ብላ አየችው። ቀጥላ «ልጄ ቢውጠውስ?» አለች። መልስ አልነበረውም፤ መልስ መፈለግም አልነበረበትም። አንገቱን ደፋ። ልጁን ክሊኒክ ወሰድነው፤ ወጪውን ዳቦ ቤቱ ሸፈነ።

አንድ ስህተት እዚህ ቦታ በብዛት አያለሁ። ገንዘብ ይሰጥና «ቪዲዮውን አጥፊልን» ይባላል። አታድርጉት። ካሳ የሚከፈለው ለጉዳቱ ነው። ዝምታን መግዛት ከጀመራችሁ ያ ራሱ ሁለተኛ ዜና ይሆናል። ሽማግሌ መላክም በኛ አገር ወግ ነው፣ ጥሩም ነው። ግን ሽማግሌው ይቅርታ ለመጠየቅ ይሂድ እንጂ ሴትዮዋን በይሉኝታ አስሮ ለማስቆም አይሁን።

አሁን ጻፉ

ጥሩ መግለጫ ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ። 157 ሰዎች አለቁ። አየር መንገዱ ያን ዕለት ጠዋት ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ አጭር ነበር። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ተነሥቶ 2 ሰዓት ከ44 ላይ ግንኙነቱ እንደተቋረጠ ተናገረ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረው እንደነበር እንደሚታመን ገለጸ። በሕይወት ስለተረፉም ሆነ ስለሞቱ ሰዎች የተረጋገጠ መረጃ እንደሌለው በግልጽ አለ። ለቤተሰቦች የመረጃ ማዕከል እንደሚከፍትም አሳወቀ። የወቅቱ ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም በዚያው ዕለት ስፍራው ላይ ቆመው ታዩ። በማግሥቱ ደግሞ ቀሪዎቹ ማክስ 8 አውሮፕላኖች ከበረራ መታገዳቸው ተነገረ።

የምናውቀው፣ የማናውቀው፣ እያደረግን ያለነው። መግለጫ ከነዚህ አይዘልም።

ቋንቋውን ደግሞ አደራ። የኛ የመግለጫ አማርኛ መደበቂያ ይወዳል። «ችግር ተከስቷል»፣ «ክፍተት ተፈጥሯል»፣ «የሚመለከተው አካል ይመለከተዋል»። ማን ፈጠረው? ማን ነው የሚመለከተው? ግሡን ወደ ራሳችሁ መልሱት፤ «አጥፍተናል» በሉ። «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ ይቅርታ» የሚባለውም ይቅርታ አይደለም። «ካላችሁ» የምትለዋ ቃል ጥፋቱን ወደ ሰሚው ታዞራለች።

የኛ መግለጫ እንዲህ ወጣ፦ «ዳቦው የኛ ነው። የዱቄት ወንፊታችን ተበጥሶ ሽቦ ሊጥ ውስጥ ገብቷል። መበጠሱን አይተን በጊዜ አልቀየርነውም። ልጁንና እናቱን ይቅርታ ጠይቀናል። የዛሬውን ዳቦ ሰብስበናል። የገዛችሁ አትብሉት፤ መልሱልን፣ ገንዘባችሁን እንመልሳለን። ወንፊቱ እስኪቀየር አንጋግርም።» የልጁን ስም አልጻፍንም። ዱቄት የሚነፋውን ልጅም አሳልፈን አልሰጠንም፤ ወንፊቱን በየቀኑ የሚፈትሽ ሰው ያልመደበው ድርጅቱ ነው።

ድሬ ላይ ደግሞ አማርኛ ብቻውን አይበቃም። በኦሮምኛና በሶማሊኛም አውጡት፤ ሐረር ከሆናችሁ ሐረሪን ጨምሩ። ትርጉሙን ለማሽን አትስጡ፣ በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ያንብበው። ከጽሑፍ ይልቅ የሚያዳምጥ ሰውም ብዙ ነው። እኛ በየቋንቋው ከአንድ ደቂቃ ያነሰ የድምፅ መልእክት ቀድተን ቴሌግራም ግሩፖች ላይ ላክን፤ ከጽሑፉ ይልቅ እሱ ተሰራጨ።

ማን ይናገር?

አንድ ሰው ብቻ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሲጠየቁ የዚያን ሰው ስልክ ይስጡ። ነገሩ የሰው ጉዳት ካለበት የሚናገረው ዋናው ኃላፊ ይሁን። ግን ስለ ራሱ ድካም እንዳያወራ አስቀድማችሁ ንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ቢፒ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የነዳጅ ጉድጓድ ላይ በደረሰ ፍንዳታ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ነዳጁ ባሕሩን ሲበክል የኩባንያው ኃላፊ ቶኒ ሄይዋርድ ለጋዜጠኞች ሕይወቱ ወደነበረበት እንዲመለስለት እንደሚፈልግ ተናገረ። ይቅርታ ቢጠይቅም አልዳነም። በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለቀቀ።

ጋዜጠኛ ሲደውል አንሱ። የማታውቁትን «አላውቅም፣ አጣርቼ በዚህ ሰዓት እደውላለሁ» በሉ። «አስተያየት የለኝም» የሚለውን መልስ ሰው እንደ ጥፋተኝነት ነው የሚሰማው።

ወሬው ውሸት ከሆነስ?

ያኔም ማጣራቱ አይቀርም። ከተጣራ በኋላ እውነቱን አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ማስረጃውን አያይዙ። የውሸቱን ቪዲዮ ራሳችሁ ደግማችሁ አትለጥፉት። ያላየው ሰው ከናንተ ገጽ ላይ ሊያየው ይችላል። ዜናውን የሠራው መገናኛ ብዙኃን ከሆነ ለአዘጋጁ በጽሑፍ ማስተካከያ ጠይቁ፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደተሳሳተ ለይታችሁ ንገሩት።

ከዚያ በኋላ

በሦስተኛው ቀን ሰው ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ ይተኛል። እናንተ ግን አደርጋለሁ ያላችሁትን ማድረጋችሁን አሳዩ። እኛ አዲሱን ወንፊት ፎቶ አንስተን ለጠፍን። ለእናትየውም ደውለን ልጁ እንዴት እንደሆነ ጠየቅን፤ ድዱ ድኖ ኳስ ይጫወት ነበር።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ። ችግር ሲመጣ ማን ይደወልለታል፣ ማን ይናገራል፣ የድርጅቱ የፌስቡክና የቲክቶክ ቁልፍ ማን ጋ ነው፣ ክሊኒክና ባጃጅ በስንት ቁጥር ይጠራል። የኛ ዳቦ ቤት ወረቀት ከዱቄት መጋዘኑ በር ጀርባ ተለጥፏል። ከሥሩ ዱቄት የሚነፋው ልጅ ወንፊቱን ያየበትን ቀን በየማታው በእስክሪብቶ ይጽፋል።