ላይብረሪው ተበላሽቶ አልነሳ ያለን የሊኑክስ ኮምፒውተር ያለ ፎርማት ማስነሳት

ድሬዳዋ ውስጥ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰነዘረው ሐሳብ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። የሲስተም ላይብረሪው (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው ፋይሎች) ብቻ ለተበላሸበት የሊኑክስ ማሽን ግን ይህ ትልቅ በደል ነው፤ የባለቤቱ ጽሑፍ፣ ፎቶና የሒሳብ መዝገብ በዲስኩ ላይ እንዳለ ሆኖ የጎደሉት ጥቂት ሜጋባይት የሚመዝኑ ፋይሎች ናቸውና።

ከሳቢያን ሰፈር አንድ ተማሪ ይዞት የመጣውን ላፕቶፕ እንደ ምሳሌ ላንሳ። አንድ ፕሮግራም ከፍ ያለ የጂሊብሲ (የሊኑክስ ዋና ላይብረሪ) እትም ስለጠየቀው ኡቡንቱ 22.04 ላይ የ24.04ን ዋና ላይብረሪ ገልብጦበታል። የመጀመሪያው 2.35ን፣ ሁለተኛው 2.39ን የሚይዙ ሲሆን፣ ዋናው ላይብረሪና ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ሎደር ከአንድ እትም ካልሆኑ አይግባቡም። ስናስነሳው ስክሪኑ «ከርነል ፓኒክ» (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል መቀጠል አልቻልኩም የሚልበት መልእክት) ብሎ ቆመ፤ የካፕስ ሎክ መብራትም ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። የመጀመሪያው ፕሮግራም፣ ማለትም ኢኒት፣ መነሳት ስላልቻለ ከርነሉ የሚያስረክበው አጥቶ ነው እንጂ ዲስኩ ምንም አልሆነም።

ማሽኑ ገና ካልጠፋና ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ክፍት ከሆነ አይዝጉት፤ መብራት ሊሄድ ስለሚችልም ቻርጀሩን ይሰኩ። ሎደሩ ከጠፋ ፕሮግራሙ በዓይን እየታየ «ፋይሉ የለም» የሚል መልስ ይመጣል፤ የጠፋው ፕሮግራሙ ሳይሆን ሎደሩ ነው። እንደ «ሲዲ» እና «ኢኮ» ያሉት የሼሉ (ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) የራሱ ትእዛዞች ግን ይሠራሉ።

ማሽኑ ከጠፋ ደግሞ በሌላ ኮምፒውተር ላይ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ያዘጋጁ። በፍላሹ የሚጫነው ኡቡንቱ ከተበላሸው ጋር አንድ ዓይነት እትም መሆኑ ወሳኝ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ትክክለኛው ላይብረሪ ፍላሹ ላይ ስላለ ኢንተርኔት ባይኖርም ሥራው አይቆምም። ከፍላሹ ያስነሱና «ሳይጭኑ መሞከር» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያም «ኤልኤስቢኤልኬ» ብለው ዋናውን ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ይለዩ። ብዙ ጊዜ ሰፊው እሱ ነው፤ ጥቂት መቶ ሜጋባይቱ የማስነሻው ነው። ዋናውን «ኤምኤንቲ» የተባለው ፎልደር ላይ ማውንት ያድርጉ (ያገናኙ)፣ ከሁሉ በፊትም የሰውየውን ፋይሎች ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ። ይህን እርምጃ ለመዝለል የሚያበቃ ምንም ጥድፊያ የለም።

ቀጥሎ በ«ቸሩት» (የተበላሸውን ሲስተም እንደ ዋና ሲስተም አድርጎ በሚከፍት ትእዛዝ) ወደ ውስጥ ለመግባት ቢሞክሩ ባሽ የተባለው ሼል ራሱ ላይብረሪ ስለሚፈልግ አይሳካም፤ ስለዚህ ጥገናው ከውጭ ይጀመራል። ከፍላሹ ሲስተም ላይ «ዲፒኬጂ ሰረዝ ትልቁ ኤል ሊብሲ6» ሲሉ ሊብሲ6 በተባለው ፓኬጅ ውስጥ ያሉት የጂሊብሲ ፋይሎች ዝርዝር ይወጣል። ከእነዚህ መካከል ላይብረሪዎቹንና ሎደሩን በሙሉ፣ አንዱንም ሳያስቀሩ፣ በ«ሲፒ ሰረዝ ኤ» ወደ ተመሳሳይ ቦታቸው ይገልብጡ፤ ይህ አማራጭ ሊንኮችንና የፈቃድ ምልክቶችን ይጠብቃል። ፓኬጁን በቀጥታ ዲስኩ ላይ መዘርገፍ ግን አደገኛ ነው፤ በአዳዲሶቹ ኡቡንቱዎች «ሊብ» ወደ «ዩኤስአር» ውስጥ የሚያመለክት ሊንክ ስለሆነ ሊንኩ በፎልደር ተተክቶ ጉዳቱ ሊሰፋ ይችላል።

አሁን «ዴቭ»፣ «ፕሮክ»፣ «ሲስ» እና «ራን» የተባሉትን የፍላሹን ሲስተም ፎልደሮች በ«ኤምኤንቲ» ሥር ባይንድ ማውንት አድርገው (እዚያም እንዲታዩ አገናኝተው) በ«ቸሩት» ይግቡ። የባሹ ምልክት ከወጣ ዋናው ችግር ተፈትቷል። የላይብረሪዎችን መዝገብ የሚያድሰውን «ኤልዲኮንፊግ» ያስኬዱ፣ የስልክዎን ዳታ በኬብል ያገናኙና በፓኬጅ መጫኛው «አፕት» ሊብሲ6ን እንደገና ይጫኑ፤ በመጨረሻም «ዲፒኬጂ ሰረዝ ሰረዝ ኦዲት» ብለው በከፊል ተጭኖ የቀረ ፓኬጅ መኖሩን ይመልከቱ።

ጉዳቱ በ«አፕት» የመጣ ከሆነ በ«ቫር» ሥር ካለው የ«አፕት» ታሪክ መዝገብ ምን እንደተቀየረ ይነበባል። አንድ ሁለት ፓኬጅ ከሆነ በዚሁ ይጠናቀቃል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ፓኬጆች ወደ ሌላ እትም ከተዛወሩ ግን ፋይሎቹን አውጥቶ አዲስ መጫን ይሻላል፣ እኔም ፎርማትን የምቀበለው በዚህ ሁኔታ ብቻ ነው። ከመውጣትዎ በፊት የባዕድ እትም ምንጭ ወደ «ሶርስስ ሊስት» («አፕት» ፓኬጅ የሚያወርድባቸው ምንጮች ዝርዝር) ተጨምሮ ከሆነ መስመሩን ያጥፉት፤ አለዚያ የሚቀጥለው አፕዴት ያንኑ ላይብረሪ መልሶ ያመጣዋል።