በኒዮክላሲካል የዘይት ቀለም ምስል ላይ ሰውንና ዕቃን ማቀናበር

የጥንቱን የግሪክና የሮማ ጥበብ አርአያ ባደረገው በኒዮክላሲካል ስልት የአንድን ሰው ምስል በዘይት ቀለም ለመሥራት የሚነሣ ሠዓሊ፣ ብሩሽ ከመያዙ በፊት ስለዚያ ሰው ሊናገር የፈለገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ማስቀመጥ አለበት፤ ሸራው ላይ የሚገባው ዕቃ ሁሉ የሚመረጠው በዚያ ዓረፍተ ነገር ነውና።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው መማሪያ፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣክ ሉዊ ዳቪድ በ1812 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮንን በፓሪስ በቱይለሪ ቤተ መንግሥት በሥራ ክፍሉ ቆሞ የሚያሳየው ሥዕል ይመስለኛል። ሥዕሉ ያለው ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ሲሆን፣ መግቢያው በነፃ ስለሆነ በዚያ አካባቢ የሚኖር ወገን ሄዶ ቀረብ ብሎ ቢያየው ብዙ ይማርበታል። የሥዕሉ ሐሳብ ባጭሩ፣ ይህ ሰው አገሩ ተኝቶ ሳለ ይሠራል የሚል ነው። ከኋላው ያለው ሰዓት 4፡13 ያሳያል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ13 ደቂቃ መሆኑ ነው። ሻማው ነዶ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ጠረጴዛው ላይ በስሙ የሚጠራው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ ተጠቅልሎ ይታያል፤ ሰይፉም ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ግን፣ የእጅጌው ቁልፍ መፈታቱና ካልሲው መሸብሸቡ ነው። ናፖሊዮን ለዚህ ሥዕል በሠዓሊው ፊት አልቆመም፤ ቢሆንም እነዚያ ሽብሽቦች ሌሊቱን ሙሉ እንደቆመ ያሳምኑናል። ሻማው ምልክት ከመሆኑ በፊት ክፍሉን የሚያበራ ሻማ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የራሱ ሥራ የሌለው ዕቃ፣ ትርጉሙ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ የተለጠፈ ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ ሰውየውን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ጠረጴዛውንና ወንበሩን ደግሞ ዓይን ከእነርሱ ተነሥቶ ወደ ፊቱ እንዲመለስ አድርገው ያስቀምጧቸው። የዕቃዎቹ ብርሃን ከፊቱ ብርሃን በአንድ ደረጃ ዝቅ ይበል፤ ይህንንም ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ሲመለከቱ ይለዩታል። የመጀመሪያው ቅብ በተርፐንታይን የቀጠነ ቡናማ ይሁን፤ ከላይ የሚመጣው እያንዳንዱ ቅብ ከበታቹ ካለው የበለጠ ዘይት ይኑረው፤ አለዚያ የላይኛው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጣጠቃል።

ቀለም ከመጀመርዎ በፊት ግን በእርሳስ ንድፉ ላይ እያንዳንዱን ዕቃ በጣትዎ ይሸፍኑና ይመልከቱ፤ ተሸፍኖ ምንም ካልጎደለ፣ ያንን ዕቃ ያውጡት።