ከድሬ ሐረር በብስክሌት፦ ደንገጎን እንዴት ትወጡታላችሁ

ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ የምትመላለሱ ሰዎች፣ መንገዱን ገና አላያችሁትም። አንድ እንቅልፍ ሳይሞላ ሐረር ትገባላችሁ፣ አለቀ። በብስክሌት ግን ያው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መንገድ ሁለት አገር ነው። ከታች አሸዋ፣ ግራርና ቁልቋል። ከላይ የማሽላ፣ የድንችና የጫት ማሳ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ። በምሥራቅ በኩል ለብስክሌት ጉዞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ ብዬ አላምንም። «ዳገቱ አይቻልም» የሚለው ወሬ ግን ብዙ ሰው አስቀርቷል። ይቻላል አቦ! ሰውን የሚጥለው ዘግይቶ መነሳት ነው፤ በጊዜ የወጣ መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው ይደርሳል፣ አርፍዶ የወጣ ጎበዝ ግን የዳገቱን ጫፍ ደንገጎን ሳያይ ፀሐይዋ ትጨርሰዋለች።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንያዝ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በመሃላቸው ያለው መንገድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በአማካይ መቶ ሜትር በሄዳችሁ ቁጥር አራት አምስት ሜትር ትወጣላችሁ ማለት ነው። ይህ በዓለም ላይ ብስክሌተኞች ከሚወጧቸው ዳገቶች ጋር ሲተያይ የሚያስፈራ አይደለም። ግን አማካይ ሁሌም ያታልላል። ከከተማው ስትወጡ መንገዱ ለስላሳ ነው፣ ኩርባዎቹ ሲጀምሩ ዳገቱ ቀጥ ይላል፣ ትንፋሽ ትሰበስባላችሁ፣ ደግሞ ቀጥ ይላል።

ልምምዱን ሜዳ ላይ ጀምሩ። ድሬ ለዚህ የተመቸች ናት። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው መልካ ጀብዱ ደርሶ መመለስ እግር ያፍታታል። እሱ ሲቀላችሁ ወደ ደንገጎ መንገድ ግቡና የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ብቻ ወጥታችሁ ውረዱ። ጭነቱንም ያን ጊዜ ሞክሩት፤ ባዶ ብስክሌት የወጣ ሰው በአሥር ኪሎ ሻንጣ እወጣለሁ ብሎ እንዳያስብ።

ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም፣ ማርሹ ግን ወሳኝ ነው። ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ስታደርጉት እግራችሁ በቀላሉ የሚዞር መሆን አለበት። ገበያ ላይ ያለው ባለ ሦስት የፊት ማርሽ የተራራ ብስክሌት ለዚህ ይበቃል። ማርሽ የሌለው ግን አይሆንም፣ ጉልበታችሁን ይገድላል። ጎማው በጣም ቀጭን አይሁን። ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ጎማውን እዩት፣ ያለቀ ከሆነ ቀይሩት፣ የፍሬን ሽቦውም ጫፉ ላይ ከተበጣጠሰ እንዲሁ። ሰንሰለቱን አጽድታችሁ ዘይት ቀቡት። ትርፍ የውስጥ ጎማ ሁለት፣ ማስቲሽ፣ መንፊያና ቁልፍ ያዙ። ጎሚስታ ከተማ ውስጥ ሞልቷል ብላችሁ አትተማመኑ። ዳገቱ ላይ የለም፤ ድሬም ቢሆን ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት በርጫ (የጫት ሰዓት) ነው፣ ሙቀት ነው፣ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው።

ዕቃውን ጀርባችሁ ላይ አትሸከሙ። ወገብ ይፈጃል፣ ላብ ያስጠምቃል። ከኋላ መጫኛው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥፍንግ አድርጋችሁ እሰሩት። ከማንኛውም ገመድ የተሻለ ነው፣ አይላላም። መሪው ላይ ስፖኪዮ አስገጥሙ። አንጸባራቂ ሰደርያና ሄልሜትም የግድ ናቸው፣ በእነዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ውሃ በሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር። ከድሬ እስከ ደንገጎ ባለው መንገድ አገኛለሁ ብላችሁ ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ አትውጡ። አንዱን ሊትር በስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡት። ጤና ጣቢያ ለተቅማጥ የሚነግሩን ልክ ነው፤ በላብ የወጣውንም ይተካል። ለመብል ቴምር፣ ኦቾሎኒና የድሬ ሐላዋ ይበቃል። ሐላዋ ለዳገት የተሠራ ነው የሚመስለኝ፤ ትንሽ ቁራሽ ብዙ ያስኬዳል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ምርጥ ነው። ደረቅ ነው፣ ድሬም ትቀዘቅዛለች። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። በሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፣ ላይኛው ኩርባ በጉም ሊሸፈን ይችላል፣ ሹፌሩ እናንተን የሚያያችሁ አጠገባችሁ ሲደርስ ነው። ደግሞ የአሸዋ ወንዞቹን አትናቁ። ደቻቱ ደርቆ ስታዩት ሜዳ ይመስላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬ ላይ ያን ሁሉ ሰው የወሰደው ጎርፍ የመጣው ደጋው ላይ ከዘነበ ዝናብ ነው። ላይ ጥቁር ደመና ካያችሁ ታች አሸዋው ውስጥ አትረፉ።

አሁን ወደ ዕለቱ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋጅታችሁ ጨርሱ። ሻይ ጠጡ፣ ሊነጋጋ ሲል ከከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ውጡ። ከዚህ በፊት መውጣት አልመክርም፤ ጨለማ ውስጥ ከጭነት መኪና ጋር መጋፋት ነው። ከዚህ በኋላ መውጣት ደግሞ ፀሐይዋን ገደሉ መሃል መቀበል ነው፤ ድንጋዩ ሙቀቱን ይተፋባችኋል።

ዳገቱ ላይ ሕጉ አንድ ነው። ማውራት እስከምትችሉበት ድረስ ብቻ ንዱ። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል፣ ማርሽ አቅሉ። ከኮርቻ ተነስቶ መግፋት ለአጭር ጊዜ ጥሩ ነው፣ ወገብ ያሳርፋል፣ ሲበዛ ግን ጭኑን ይጨርሳል። በየግማሽ ሰዓቱ ውረዱና ጠጡ፤ ስትጠሙ ብቻ ከጠጣችሁ ዘግይታችኋል። የምትቆሙበትን ቦታ ግን ምረጡ፤ ኩርባ ውስጥ በፍጹም አይሆንም፣ ቀጥ ያለና ከላይም ከታችም የምትታዩበት ቦታ ላይ ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ቁሙ። ኩርባ ላይ ትልልቅ መኪኖች ለመዞር የእናንተን ጠርዝ ይፈልጋሉ። ሞተሩ ሲያቃስት ከሰማችሁ ቀድማችሁ ጠርዝ ያዙ።

በመሃል ዞር ብላችሁ እዩ። ድሬ ከታች ተዘርግታ፣ ከእሷ ወዲያ ቆላው ወደ ሶማሌና አፋር ምድር ሲሄድ ይታያል። ይህን ለማየት ነው የወጣችሁት፣ አትቸኩሉ።

ደንገጎ ስትደርሱ መንገዱ ይከፈላል። ወደ ቀኝ ቁልቢና አዲስ አበባ፣ ወደ ግራ ሐረር። ላባችሁ ሳይደርቅ ጃኬት ልበሱ፤ ከድሬ በስድስት ሰባት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ሻይ በወተት ጠጡ፣ ትኩስ ነገር ብሉ። ወደ ቁልቢ መታጠፍ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ዳገት ይጠብቃችኋል፣ መልክዓ ምድሩ ግን ግሩም ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ ግን ያን መንገድ ለቁልቢ ገብርኤል ተጓዦች ተዉላቸው፤ መኪናው አያስኬድም።

ከደንገጎ እስከ ሐረር ያለው ወደ 35 ኪሎ ሜትር ከፍ ዝቅ የሚል ደጋ ነው። አዴሌን፣ ከዚያ ሐረማያን ታገኛላችሁ። የእኔ ምክር ጀማሪ ከሆናችሁ ሐረማያ እደሩ የሚል ነው። በአንድ ቀን ሐረር መግባት ይቻላል፣ ብዙዎች ያደርጉታል፤ ግን የደከመ ሰው ሐረማያን አያያትም። ሐይቁ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፣ አገሩ ሁሉ ያለቀሰበት ጊዜ ነው፤ አሁን ውሃው መመለሱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የሕዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እዚያ ይበርዳል፣ ወፍራም ሹራብ ያዙ። የልጆች ጩኸትም ይጠብቃችኋል። «አካም!» ብላችሁ ቀድማችሁ ሰላም በሏቸው፣ እጃችሁን አውለብልቡ፤ ሰላም የተባለ ልጅ ድንጋይ አያነሳም።

በጣም የምትጠነቀቁት አወዳይ አካባቢ ነው። የጫት ገበያው እዚያ ነው። ጫት ትኩስነቱ ካለፈ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ የጫነው መኪና ለማንም አይቆምም፣ ለሰውም ለበግም። ስፖኪዮው እዚህ ይጠቅማችኋል። ከኋላ በፍጥነት የሚመጣ አይሱዙ ወይም ፒክአፕ ካያችሁ ክብር አትፈልጉ፣ ጠጠሩ ላይ ውረዱ። ገበያው መሃል ደግሞ ውረዱና ግፉት፣ ሰዉ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው ሁሉ አስፋልት ላይ ነው።

ከአወዳይ በኋላ ሐማሬሳን አልፋችሁ ሐረር ትገባላችሁ። ጀጎል ውስጥ አትንዱ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ከየበሩ ሰው ይወጣል። ብስክሌቱን እየገፋችሁ ሂዱ፣ እንዲያውም ማደሪያ አስቀምጡትና በእግር ዙሩ። የምትጠጡትን ውሃ አክብሩት፤ የሐረር ውሃ ከድሬ በኩል ካለው ቆላ እየተገፋ የሚወጣ ነው፣ እናንተ የወጣችሁትን ከፍታ እሱም ወጥቶታል። አንዳንዴ ስለሚጠፋ ማታውኑ ጠርሙሶቻችሁን ሙሉ።

እግራችሁ ካልደከመ በማግስቱ ወደ ባቢሌ ሂዱ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጅግጅጋ መንገድ። ከባቢሌ ትንሽ እልፍ ስትሉ ዳካታ ሸለቆ አለ፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ፣ አሁን ወደቀ የሚያሰኝ ቆሞ ታያላችሁ። መሄጃው ቁልቁለት ይበዛበታል፣ ስለዚህ መመለሻውን አስቡ፣ ጉልበትና ውሃ አስቀሩለት። ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ደወል አትደውሉ፣ ቆማችሁ አሳልፉት። ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ወደ ድሬ ስትመለሱ የደንገጎ ቁልቁለት ከዳገቱ ይልቅ አደገኛ ነው። ፍሬን ይዛችሁ አትንሸራተቱ፤ ቸርኬው ይግላል፣ ፍሬኑ ይከዳል። ቀጥታው ላይ ትንሽ ልቀቁ፣ ኩርባው ሳይደርስ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ኩርባውን ፍሬን ለቅቃችሁ ዙሩ። በመሃል ሁለት ሦስት ጊዜ ቁሙና ቸርኬው ይቀዝቅዝ። ጉም ካለ፣ አስፋልቱ ከረጠበ ወይም ፍሬናችሁን ከተጠራጠራችሁ ሚኒባስ ያዙ፣ ምንም ነውር የለውም። ሒሳቡን ከረዳቱ ጋር ሳይጫን በፊት ተስማሙ። ፔዳሎቹን ፍቱ፣ ማርሹ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፖርቶ መጋላው ላይ አጋድሙት፣ ገመዱንም ራሳችሁ እሰሩት።