የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲቀዳ፦ ሥራው ከቴፑ ይጀምራል

ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ለሕዝብ ሲያሳይ ያሰበው ለንግግር መቅረጫ ነበር። ሙዚቃው ኋላ መጣ፤ በ1979 ሶኒ ዎክማንን ሲያወጣ ደግሞ ካሴት ኪስ ገባ። እኛ ዘንድ ከ1970 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ሸክላ ማሳተም ሲቀር ዘፈኑ ሁሉ በካሴት ሆነ። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ስልክ መጣ። ፋሽኑ በተለወጠ ቁጥር ግን ሁሉም አብሮ አልተሻገረም፤ በካሴት ወጥቶ በካሴት የቀረ ዘፈን ብዙ ነው። ከዘፈኑ የሚብሰው ደግሞ በደብዳቤ ፋንታ ከአሜሪካና ከዓረብ አገር ይመላለስ የነበረው የዘመድ ድምፅ፣ የሠርግ ምርቃቱ፣ የአያት ተረቱ ነው። የእነዚህ ቅጂ አንድ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ ከኮምፒውተሩ ይጀምራል፤ ፕሮግራም ያወርዳል፣ ስለ ድምፅ ማጽጃ ያጠያይቃል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ድምፁ የሚጠፋው ክሩ ሄዱን (ድምፁን ከክሩ የሚያነሣውን የቴፑን ክፍል) በሚነካባት ነጥብ ላይ ነው፤ እዚያ ያልተነሣ ድምፅ በምንም ሶፍትዌር አይመለስም። ከምትመድቡት ጊዜ አብዛኛውን ለቴፑ ስጡት።

ማጫወቻው

ካሴት እንደገና ፋሽን ሆኗል ተብሎ አሁን አዳዲስ ማጫወቻ ይሸጣል፤ ባለ ዩኤስቢ የሆኑና "በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይቀዳል" የሚባልላቸው ትንንሾችም አሉ። ርካሾቹን ለዚህ ሥራ አትግዙ። ክሩን የሚጎትተውን ዘንግ የሚያረጋጋው ተሽከርካሪ ብረት በጣም ቀላል ስለሆነ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፤ ድምፁም ውኃ ላይ እንዳለ ይወዛወዛል። ይሄ አንዴ ከተቀዳ በኋላ አይስተካከልም። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደህና ዴክ (የራሱ ስፒከር የሌለው፣ ከአምፕሊፋየር ጋር የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ) ካገኛችሁ የሚወዳደረው የለም። እሱ ከሌለ በሚገባ የሚሠራ ትልቅ ቴፕ ወይም ድሮ የተገዛ ዎክማን ይበቃል።

ስትፈትኑት ኪቦርድ ረዘም ያለ ድምፅ የሚይዝበትን ዘፈን አጫውቱ። በዋሽንት አትለኩ፤ የዋሽንት ድምፅ በተፈጥሮው ስለሚርገበገብ ያሳስታችኋል። የኪቦርዱ ድምፅ ቀጥ ብሎ ከሄደ ቴፑ ደህና ነው። ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም ወደፊት ሲጠቀልል እያቃሰተ ከቆመ ቺንጋው (ሞተሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ) ላልቷል ማለት ነው። በጣም ያረጀ ቺንጋ እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ያ ጥቁር ነገር በእጅ ከተነካ አይለቅም፤ ጓንት አድርጋችሁ በአልኮልና በጥጥ ጠርጋችሁ አውጡት። አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የተለጠጠ ስለሆነ ከእሱ ጥቂት የሚያጥረው ነው ልኩ።

ማጽዳት

ክሩ የሚነካቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ ሄዱ፣ ከጎኑ ያለው ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ዘንጉን የሚጫነው የጎማ ሮለር። 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አስነክታችሁ ሄዱንና ዘንጉን ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ያ ከካሴቶች የረገፈ የብረት ዝገት ብናኝ ነው። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ጥጥ እየቀየራችሁ ድገሙት። የተገኘው 70 ከመቶ ከሆነም ይሠራል፤ ውኃ ስላለበት 10 ደቂቃ እንዲደርቅ መተው ነው። ሽቶም አረቄም አይሆንም፤ ሽቶው ቅባት ይተዋል፣ አረቄው ንጹሕ አልኮል አይደለም። ጎማውን አልኮል እየቆየ ስለሚያደርቀው በትንሽ ሳሙና ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት። ጎማው ከቆሸሸ ካሴት ይበላል፤ "ቴፑ በላው" የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይሄው ነው። ያረጁ ካሴቶች ብናኝ ስለሚጥሉ ከእያንዳንዱ አራትና አምስት ካሴት በኋላ እንደገና አጽዱ።

የሄዱ ቅንነት

አብዛኛው ሰው የሚዘለው፣ ድምፁን ግን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው ይሄ ነው። ክሩ 3.81 ሚሊ ሜትር ብቻ ስፋት አለው፤ በሰከንድም የሚሄደው 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ሄዱ በጣም ጥቂት ቢያጋድል ቀጭኑ ድምፅ፣ የጽናጽሉና የ"ሰ" እና የ"ሸ" ጥራት፣ ይሞታል። ካሴቱ ከትራስ ሥር የሚዘፍን ይመስላል፤ ሰው ደግሞ "አርጅቶ ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ አላረጀም። የተቀዳበት ማሽን ሄድና የእናንተ ሄድ ተጣምመው ነው። በየሙዚቃ ቤቱ በተለያየ ማሽን የተባዛ ካሴት እርስ በርሱም ስለማይመሳሰል ማስተካከያው ለእያንዳንዱ ካሴት ለየብቻ ነው።

ሄዱ ግራና ቀኝ ብሎን አለው። አንደኛው ሥሩ ስፕሪንግ አለው፤ የሚነካው እሱ ብቻ ነው። ብዙ ቴፕ ላይ በሩ ሳይፈታ ካቻቢቴ የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ ትገኛለች። ካሴቱ እየተጫወተ፣ ሄድፎን አድርጋችሁ፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀላቅላችሁ (ሞኖ አድርጋችሁ) አዳምጡ። ካቻቢቴውን በጣም በዝግታ ወደ አንድ ጎን አዙሩ። ድምፁ ከደበዘዘ ወደ ሌላው መልሱ። ጽናጽሉ በጣም የሚጠራባት አንዲት ቦታ አለች፤ እሷን አልፋችሁ ሂዱና ተመለሱባት፣ ያኔ ትለዩዋታላችሁ። ከመነሻው ከሩብ ዙር በላይ መሄድ አያስፈልግም። ሞኖ የምናደርገው ሁለቱ ጎኖች እኩል ካልደረሱ ሲቀላቀሉ ቀጭኑን ድምፅ እርስ በርሳቸው ስለሚያጠፉት ነው፤ ጆሮ በስቴሪዮ የማይይዘውን ስህተት በሞኖ ቶሎ ይይዘዋል። ካቻቢቴው ማግኔት የያዘ አይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት የብሎኑን አቅጣጫ በስልክ ፎቶ አንሡት።

ዶልቢ የሚባለው የሹሹታ መቀነሻ መጫኛ ካሴቱ ላይ ምልክቱ ከሌለ ይጥፋ። ያለ ዶልቢ የተቀዳውን በዶልቢ ማጫወት ያፍነዋል።

ካሴቱ

መጀመሪያ ከላይ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብሩ። እነሱ ከሌሉ ቴፑ በስህተት ሊቀዳበት አይችልም። ቀድሞ ተሰብረው በወረቀት ወይም በፕላስተር ከተደፈኑ አንድ ሰው በላዩ ቀድቶበታል ማለት ነው፤ ፕላስተሩን አንሡት፣ ያን ካሴት ግን እስከ መጨረሻው አዳምጡት። የዘመድ የድምፅ መልእክት ብዙውን ጊዜ የተቀዳው በዘፈን ካሴት ላይ ነው፤ ዘፈን ብቻ መስሎ የተጣለ ካሴት መሐል ላይ ሰላምታ ሊወጣው ይችላል።

ከዚያ ክሩን ዓይታችሁ ገምግሙ። ነጭ ብናኝ ከታየ ሻጋታ ነው፤ ቴፑን ሳይበክል ለብቻ አስቀምጡት፣ ደረቅ ቦታ ይክረም፣ ሲጸዳም ከቤት ውጭ አፍንጫን ሸፍኖ ነው። ደህና የሆነውን በቢክ እስክሪብቶ ጥቂት አዙሩት። ባለ ስድስት ጎኑ ቢክ ከጥርሶቹ ጋር ልክ ይገጥማል። ከከበደ ካሴቱን በጠፍጣፋ ጎኑ መዳፍ ላይ መታ መታ አድርጉት፤ ተጣብቆ የቆየው ክር ይላቀቃል። ከዚያ በቴፕ አንዴ እስከ መጨረሻ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ጠቅልሉት። ለዓመታት የተኛ ክር እንዲሁ ቢጫወት እየያዘ ይለቃል፣ ፍጥነቱም ይዛባል። የ60 ደቂቃው ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል፤ የ90ው ቀጭን ነው፣ የ120ው ከሁሉ ይቀጥናል፣ እነዚህን በእጅ በዝግታ መጠቅለል ይሻላል።

ካሴቱ አፍ ላይ፣ መሐል፣ በመዳብ መሰል ልሳን ላይ የተለጠፈች ትንሽ ስፖንጅ አለች። ክሩን ሄዱ ላይ የምታስጠጋው እሷ ናት። ወድቃ ከሆነ ድምፁ ይመጣል ይሄዳል። ከማይፈለግ ካሴት ልሳኑን ከነስፖንጁ አውጥታችሁ ተኩት። ካሴቱ በአምስት ብሎን የታሰረ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፤ የተጣበቀ ከሆነ በምላጭ ስፌቱን ከፍታችሁ ሁለቱን ጥቅል ክር ወደ ሌላ ባለ ብሎን ካሴት ቤት አዛውሩ። ስትከፍቱ ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ይተኛ፤ ሁለቱ ትንንሽ ተሽከርካሪዎችና ቀጫጭን ፕላስቲኮች ከቦታቸው ቢወጡ መመለሻውን ማወቅ ያስቸግራል።

የተበጠሰ ክር በተራ ስኮች አይቀጠልም፤ ሙጫው እየቆየ ይፈስና ጥቅሉን ያጣብቀዋል። ለዚሁ የተሠራ ጠባብ የካሴት መቀጠያ ፕላስተር አለ። ሁለቱን ጫፍ ደርባችሁ በአንድ ጊዜ አጋድማችሁ ቁረጡ፣ ሳይደራረቡ አግጥሙ፣ ፕላስተሩንም ሄዱን በማይነካው ጎን ለጥፉ።

ወደ ኮምፒውተር

ዴክ ከሆነ ከኋላው ቀይና ነጭ መውጫ አለው። ትልቅ ቴፕ ወይም ዎክማን ከሆነ ከሄድፎኑ ቀዳዳ ውሰዱ፤ ቮልዩሙ መሐል ግድም፣ ቤዝና ትሬብል ማስተካከያው ሁሉ ዜሮ ላይ ይሁን። የላፕቶፕ አንድ ቀዳዳ ላይ መሰካት ግን ብዙ ያበላሻል፤ ያ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ የማይክ ስለሆነ ሞኖ ነው፣ ስሜቱም ስለታም ስለሆነ ድምፁን ይሰነጥቀዋል። "ላይን ኢን" ያለው ስቴሪዮ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ግዙ።

ሲሰካ "ኡኡኡ" የሚል ወፍራም ድምፅ ከመጣ ከመብራቱ የሚመጣ የ50 ኸርትዝ ጉርምርምታ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል። ዎክማኑንም በአዳፕተር ሳይሆን በባትሪ ድንጋይ አሠሩት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ይቀጥላል፣ ዴኩ ግን ጎማው ክሩን ጨብጦ እንዳለ ይቆማል። መብራት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ መጫኛውን በእጅ ፍቱና ካሴቱን አውጡ።

ለመቅዳት ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። 44,100 ኸርትዝ፣ 24 ቢት፣ ስቴሪዮ ላይ አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ የድምፅ "ማሻሻያ" የሚባሉትን ሁሉ አጥፉ፤ እነሱ በራሳቸው እየከፈቱና እየዘጉ ዘፈኑን ያሳብጡታል። የካሴቱን ከፍተኛ ድምፅ ያለበትን ቦታ አጫውታችሁ መለኪያው ከሲቀነስ 6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አስተካክሉ። ዜሮን ከነካ ድምፁ ይቆረጣል፣ አይጠገንም። ከዚያ አንዱን ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ ቅዱ። 60 ደቂቃ ካሴት 950 ሜጋባይት ገደማ ይወጣዋል።

ከተቀዳ በኋላ

ያልተነካውን ፋይል መጀመሪያ በፍላክ (ድምፁን ሳያጎድል በሚይዘው የፋይል ዓይነት) አስቀምጡ። ማንኛውም ማስተካከያ በኮፒው ላይ ነው።

ፍጥነቱን እዚህ ታርማላችሁ። መሰንቆና ክራር እንደ ተጫዋቹ ስለሚቃኙ መለኪያ አይሆኑም፤ ኪቦርድ ያለበት ዘፈን ግን ይሆናል። የስልክ መቃኛ አፕ ከፍታችሁ ኪቦርዱን አስሙት። ሁሉም ኖታ ለምሳሌ በ30 ሴንት (ሴንት የግማሽ ቃና መቶኛ ነው) ዝቅ ብሎ ከተገኘ "ቼንጅ ስፒድ" በሚለው በ1.75 ከመቶ አፍጥኑት። "ቴምፖ" በሚለው ግን አይደለም፤ እሱ ቃናውን ሳይነካ ጊዜውን ብቻ ይለውጣል።

ሹሹታውን ለመቀነስ ዘፈን ከሌለበት ቦታ ሁለት ሰከንድ ምረጡና ፕሮግራሙ ሹሹታውን እንዲለይ አድርጉ፤ ቅነሳው 6 ዴሲቤል ይሁን። ከዚያ በላይ ከሄደ ድምፁ ውኃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው መሰንቆ ነው፤ የደጋኑ ፍትጊያ ለኮምፒውተሩ ከሹሹታ አይለይምና አብሮ ይጠርገዋል። ትንሽ ሹሹታ ይቆይ፣ መሰንቆው ይኑር።

የዘመድ ንግግር ከሆነ የግራውንና የቀኙን ድምፅ ለየብቻ አዳምጡ። አንዱ ከሌላው ብዙ ጊዜ ይጠራል፤ ጥሩውን ያዙ።

ለዘመድ ሲላክ በቴሌግራም "እንደ ፋይል" ላኩት፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ያልፋል፣ ድምፁም አይጨመቅም። ዩቲዩብ ላይ መጫን ግን ሌላ ነው፤ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የዘፋኙ፣ የደራሲውና የአሳታሚው መብት ስላለበት ፈቃድ ያስፈልጋል።

የካሴቱን ልባስ አትርሱት። አውጥታችሁ፣ ዘርግታችሁ፣ ሁለቱንም ጎን በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ ባለቤት ስም፣ የባንዱ አባላት፣ ሙዚቃ ቤቱ የተጻፈው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ ሲጫን ሳይጻፍ የሚቀረው ይሄ ነው። ፋይሉንም በዚያው ስም ጥሩት፦ የዘፋኙ ስም፣ የካሴቱ ርእስ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ገጽ ሀ ወይም ለ። ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ "ዓ.ም." ብላችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ ውጭ የሚኖር ልጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ያነበዋል። አንዱን ቅጂ ቤት፣ ሌላውን ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ፤ ካሴቱንም አትጣሉት፣ ወደ አንድ ጎን ተጠቅልሎ፣ በሣጥኑ፣ ከስፒከር ራቅ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም።