ቀመሩን እያወቁ ነጥብ መጣል፦ የሥነ ሕዝብ ፈተና ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የሥነ ሕዝብ ምዕራፍ ላይ ላዩን ሲያዩት ከጂኦግራፊ ሁሉ ቀላሉ ይመስላል። የድንጋይ ዓይነት መሸምደድ የለም፤ ካርታ መሳል የለም። መደመር፣ መቀነስና ማካፈል ነው። ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍልም ሆነ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ብዙ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው። ቀመሩ ጠፍቶት አይደለም። ዓይኑ ላዕሉ ላይ ስለሚቀር ታህቱን አያየውም። ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ተወለደ የሚለውን ያውቃል፤ ቁጥሩ ለማን እንደሚካፈል ግን አይጠይቅም። ከታች የምታገኟቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው።

«ዓመታዊ ዕድገቱ 1.6 በመቶ መጣልኝ፤ ምርጫው ውስጥ ግን የለም»

ጥያቄው የኢትዮጵያን ሁለት የሕዝብ ቆጠራዎች ይሰጥና ዓመታዊ የዕድገት ምጣኔውን አስሉ ይላል። ሁለተኛው ቆጠራ ወደ 53.5 ሚሊዮን ሰው፣ ሦስተኛው ወደ 73.8 ሚሊዮን ሰው መዝግቧል። በመካከላቸው ስንት ዓመት አለ?

ጉዱ እዚህ ነው። የአማርኛ ማስታወሻችሁ ሁለተኛውን ቆጠራ 1987 ይለዋል። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ደግሞ ሦስተኛውን 2007 ይለዋል። አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ አንስታችሁ ስትቀንሱ 20 ዓመት ይመጣል። እውነተኛው ርቀት ግን ከጥቅምት 1987 እስከ ግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፤ 12 ዓመት ከ7 ወር፣ በአሥርዮሽ 12.6 ገደማ።

መድኃኒቱ ሦስቱን ቆጠራዎች የእኛን ዓመት ከፈረንጆቹ ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጎ መያዝ ነው፦ 1976 ከ1984፣ 1987 ከ1994፣ 1999 ከ2007። ልዩነቱ አንዴ 7 አንዴ 8 የሆነው በወሩ ምክንያት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በአብዛኛው 7 ነው፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ 8 ይሆናል። ጥያቄው በየትኛው አቆጣጠር እንደመጣ ሳታረጋግጡ እስክሪብቶ አታንሱ።

ዓመቱን አስተካክላችሁም 3.0 ከመጣባችሁ ሌላ ችግር አለ። ጭማሪውን፣ ማለትም 20.3 ሚሊዮኑን፣ ለ53.5 ሚሊዮን ካካፈላችሁ 38 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህን ለ12.6 ስታካፍሉት 3.0 ይሰጣችኋል። ግን ሕዝብ እንደዚያ አያድግም። ዘንድሮ የተጨመሩት ሰዎች ራሳቸው ነገ ይወልዳሉ፤ ወለድ ወለድን እንደሚወልደው ማለት ነው። ስለዚህ የሁለቱን ሕዝብ ጥምርታ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ወስዳችሁ ለ12.6 አካፍሉ። ጥምርታው 1.38፣ ሎጋሪዝሙ 0.32፣ ውጤቱ ወደ 2.6 በመቶ ይሆናል። 1.6 የመጣው ይህንኑ ለተሳሳተው 20 ዓመት ስታካፍሉት ነው። በየመጽሐፉ የምታገኙትም 2.6 ነው። ፈታኞች 1.6ንም 3.0ንም ምርጫ ውስጥ ሊያስቀምጡ ይችላሉ፤ ተማሪ የት እንደሚሰናከል አሳምረው ያውቃሉና።

በነገራችን ላይ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ስለተራዘመ፣ ከ1999 ወዲህ የምትሰሙት አገራዊ የሕዝብ ብዛት ሁሉ ትንበያ ወይም ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። «የቅርብ ጊዜው ቆጠራ» ከተባላችሁ መልሱ 1999 ነው።

«አገሪቱ በ2.8 ዓመት እጥፍ ትሆናለች»

በመቶና በሺህ ተምታቶባችሁ ነው። የውልደት መጠን 32፣ የሞት መጠን 7 ቢሆን ልዩነቱ 25 ነው፤ ግን ከሺህ ሰው። በመቶ ሲሆን 2.5 ነው። የእጥፍ መሆኛ ጊዜ የሚገኘው 70ን ለመቶኛው በማካፈል ነውና 28 ዓመት ይሆናል። 2.8 ዓመት ለጥንቸል እንጂ ለሰው ልጅ አይሆንም። ከአሥር ዓመት በታች የሆነ መልስ ካገኛችሁ ተመልሳችሁ እዩት።

«48 እና 20 ተደምሮ እንዴት 67 ይሆናል? መጽሐፉ ተሳስቷል»

መጽሐፉ አልተሳሳተም። ጊዜ ወስደን ብናየው ይጠቅማል፤ የታህት ነገር ከዚህ በተሻለ የሚገባበት ምሳሌ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዲህ ይላል። ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 48ቱ አንደኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞታሉ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ የሚሞቱት ደግሞ ከ1,000 20 ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ጠቅላላ ሞት ግን 67 ተብሏል፤ 68 አይደለም።

ሁለቱን «ከ1,000» አትመኗቸው፤ ሺዎቹ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሺህ የተወለዱት ሁሉ ናቸው። ሁለተኛው ሺህ አንደኛ ዓመታቸውን አልፈው የቆዩት ብቻ ናቸው። ከተወለዱት 1,000 ውስጥ 48ቱ ሲሄዱ 952 ይቀራሉ። የ952 ሕፃናት ሁለት በመቶ 19 ነው። 48 ሲደመር 19፣ 67። ተገጣጠመ።

ስለዚህ ሁለት የሞት መጠኖችን ከመደመራችሁ በፊት ታህታቸው አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የእናቶች ሞትም ላይ ይህ ይሠራል። በዚያው ዳሰሳ 412 የሚለው ቁጥር ከ100,000 ሴቶች አይደለም፤ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት ነው። «ከ1,000 እናቶች» የሚል ምርጫ ካያችሁ ወጥመድ ነው፤ ዝለሉት።

«የአዲስ አበባ ወሊድ 1.8 ከሆነ ከተማዋ ለምን ታድጋለች?»

ብዙዎች «2.1 ከተባለው የመተካኪያ ልክ (ወላጆች ራሳቸውን በልጆች ከሚተኩበት ቁጥር) ስለወረደ ሕዝቡ እየቀነሰ ነው» የሚለውን መልስ ያከብባሉ። በዚያው የ2016 ዳሰሳ የአገሪቱ አጠቃላይ የወሊድ ምጣኔ፣ ማለትም አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደው ልጅ ብዛት፣ 4.6 ነበር፤ የሶማሌ ክልል 7.2፣ የአዲስ አበባ 1.8። ግን አዲስ አበባ ቀነሰች የሚል ሰው መርካቶ ወርዶ አያውቅም።

መንስኤው ሁለት ነው። አንደኛው ፍልሰት ነው፤ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ወጣት። ሁለተኛው የዕድሜ አወቃቀር ነው። ምጣኔው ስለ አንዲት ሴት ይናገራል፤ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉት ሴቶች ስንት እንደሆኑ አይናገርም። እያንዳንዷ ጥቂት ብትወልድም እናት የሚሆኑት ከበዙ የሚወለደው ሕፃን ከሚሞተው ይበልጣል። ይህ የሕዝብ ግስጋሴ ይባላል። ወሊድ ዛሬ ከመተካኪያ ልክ ቢወርድ እንኳ ዕድገቱ እስኪቆም አሥርት ዓመታት ይወስዳል።

ስሌቱ ላይ ደግሞ ተማሪ በ5 ማባዛት ይረሳል። ከ15 እስከ 49 ያለው ዕድሜ በአምስት በአምስት ዓመት ሲከፈል ሰባት ምድብ ነው። የሰባቱ ምድብ የወሊድ መጠን ከሺህ ሴት ሲደመር 920 ቢመጣ፣ አንዲት ሴት በየምድቡ አምስት ዓመት ስለምትቆይ 920ን በ5 አባዝታችሁ ለ1,000 ታካፍላላችሁ። 4.6 ይሆናል። 0.92 ካገኛችሁ አምስቷን ረስታችኋል።

ይህን ከጥቅል የውልደት መጠን ጋር አታምታቱት። ያኛው ታህቱ መላው ሕዝብ ነው፤ ወንዱም፣ አያቱም፣ የአንድ ወር ሕፃኑም ገብቷል።

«ጃፓን ከኳታር በላይ ሰው ይሞትባታል፤ ጤናቸው ተበላሽቷል ማለት ነው?»

የጃፓን ጥቅል የሞት መጠን ከሺህ ሰው ከ10 በላይ ነው፤ የኳታር ከ2 በታች። ይህን አይቶ የኳታር ሐኪሞች ይበልጣሉ ብሎ መጻፍ ነጥብ ያስጥላል። ጃፓን በሽማግሌና በባልቴት የተሞላች አገር ናት። ኳታር ደግሞ አብዛኛው ነዋሪዋ ለሥራ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ሲያረጅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ጤናን ማወዳደር ከፈለጋችሁ የጨቅላ ሕፃናት ሞትን ወይም ሲወለዱ የሚጠበቅ ዕድሜን ተጠቀሙ።

የሚጠበቅ ዕድሜም የራሱ ጣጣ አለው። «አማካዩ 49 ከሆነ ሽማግሌ የለም» የሚል ስንቱ ነው! አሥር ሰው ውሰዱ። ሦስቱ በሕፃንነታቸው ቢሞቱና ሰባቱ እስከ 70 ቢኖሩ፣ 490 ዓመት ለአሥር ሲካፈል 49 ነው። ማንም በ49 ዓመቱ አልሞተም። አማካዩን ያወረዱት ሕፃናቱ ናቸው።

«የጥገኝነት ምጣኔው 48 መጣልኝ፣ መልሱ 92 ነው ተባልኩ»

በ1999 ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ያለው ሕዝብ 45 በመቶ ገደማ፣ 65 እና ከዚያ በላይ ያለው 3 በመቶ ገደማ፣ በመካከል ያለው 52 በመቶ ገደማ ነበር። 45 እና 3ን ደምራችሁ ከመላው ሕዝብ ካያችሁት 48 ነው። የጥገኝነት ምጣኔ ግን ታህቱ ሠራተኛው ዕድሜ ነው፤ 48 ለ52 ሲካፈል ወደ 92 ይመጣል። ትርጉሙ፦ ከ15 እስከ 64 ዓመት ባሉ 100 ሰዎች ትከሻ ላይ 92 ሰው አለ። ከ92ቱ ውስጥ አረጋውያን ጥቂት መሆናቸውን ከጻፋችሁ ማብራሪያ ጥያቄ ላይ ተጨማሪ ነጥብ ታገኛላችሁ። የእኛ ሸክም ትምህርት ቤትና ክትባት ነው፤ የጃፓን ጡረታ ነው።

«ፒራሚዱ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ»

የሕዝቡን ዕድሜ በነጠላ ዓመት የሚያሳይ ፒራሚድ (በየዕድሜው ያለው ሰው በመስመር ርዝመት የሚታይበት ሥዕል) ሲሰጣችሁ 30፣ 40፣ 50 ላይ ረጃጅም መስመሮች ብቅ ብቅ ይላሉ። አንዳንዱ ተማሪ ጦርነት ወይም ረሃብ ነው ይላል። ለዚህኛው ግን ምክንያቱ ቆጣሪው የቆመበት ደጃፍ ላይ ነው።

«እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ይላል። «እኔ እንጃ ልጄ፤ ጣሊያን ሲወጣ ጡት ላይ ነበርኩ አሉኝ» ይሉታል። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው፤ ቆጠራው በ1999። 66 ወይም 67 ይሆናሉ። ቆጣሪው ገና የሚሄድበት ብዙ ቤት አለ። «ስልሳ አምስት ይሁን?» «ይሁን።» እንዲህ እንዲህ እያለ በ0 እና በ5 የሚያልቅ ዕድሜ ይከመራል። ይህን የሚለካው የዊፕል መለኪያ ነው፤ ክምችት ከሌለ 100፣ ሁሉም ሰው በ0 ወይም በ5 ከጨረሰ 500 ያሳያል። በፈተና ላይ መልሱ «የዕድሜ አመዘጋገብ ጉድለት» ነው። እውነተኛ የጦርነት ጠባሳ ቢሆን ኖሮ የተወሰኑ ተከታታይ ዕድሜዎች ላይ ይጎድላል እንጂ ክብ ቁጥር እየመረጠ አይጨምርም።

አጫጭሮቹ

የጾታ ምጣኔ የሚገለበጥባችሁ ከሆነ፦ ወንድ ከላይ፣ ሴት ከታች፣ በ100 ይባዛል። በ1999 አዲስ አበባ ውስጥ 1,305,387 ወንድና 1,434,164 ሴት ተቆጠሩ፤ ምጣኔው 91 ነው። ከ100 በታች ከሆነ ሴት ይበዛል።

ግብፅና ኢትዮጵያ በስፋትም በሕዝብም ተቀራራቢ ስለሆኑ «እኩል ተጨናንቀዋል» ካላችሁ፦ ያ ሒሳባዊ ጥግግት (ሕዝቡ ለአገሪቱ ጠቅላላ ስፋት ሲካፈል) ብቻ ነው። የግብፅ ሕዝብ የሚኖረው በዓባይ ዳርና ደለል ነው፤ የሚታረሰው መሬት ከአገሪቱ ስፋት 4 በመቶ ገደማ ነው። ታህቱን የሚታረስ መሬት ስታደርጉት በካሬ ኪሎ ሜትር ከ2,000 ሰው በላይ ይሆናል።

በሥነ ሕዝብ ሽግግር (ሕዝብ ከብዙ ውልደትና ሞት ወደ ጥቂት ውልደትና ሞት የሚሄድበት ሂደት) ሁለተኛ ደረጃ «ወሊድ ጨመረ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰርዙት። ወሊድ እንደነበረ ነው፤ የወረደው ሞት ነው። ወሊድ መውረድ የሚጀምረው ሦስተኛው ላይ ነው።

በ1985 ዓ.ም. የወጣውን ብሔራዊ የሕዝብ ፖሊሲ ግብ የምትረሱ ከሆነ ሁለት ጥንድ ቁጥር ያዙ፦ ወሊድን እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ከ7.7 ወደ 4፣ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚነትን ከ4 ወደ 44 በመቶ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ተሳካ ወይ?» ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዳሰሳው 4.6 እና 36 በመቶ አሳየ፤ ብዙ ተጉዟል፣ ግን አልደረሰም።

ስለ ሕዝብና ምግብ የጻፉት ማልተስና ቦስረፕ ከተምታቱባችሁ ዓመታቸውን አስቡ። ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 ምግብ ሕዝብን አይደርስበትም አለ። ቦስረፕ እ.ኤ.አ. በ1965 ሕዝብ ሲበዛ ገበሬው ራሱ አስተራረሱን ይለውጣል አለች። አዎ፣ ሴት ናት፤ «እሱ» ብላችሁ አትጻፉ።